ከብረቱ ደጅ እስከ ቤቱ ደጅ
ከእሥራት ወጥተው፥ ከጎዳናም ተነሥተው ወደ ማኅበር ስለሚመለሱ ወገኖቻችን የተዘጋጀ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ፤ ጌታችን ለፍርድ በሚመጣበት ቀን የሚጠይቀንን ጥያቄ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያላነበበ ወይም ሲነበብ ያልሰማ ክርስቲያን አይገኝም። በዚያ የተቈጠሩት የምሕረት ሥራዎች ስድስት ናቸው፤ እነርሱም የተራበን ማብላት፥ የተጠማን ማጠጣት፥ እንግዳን መቀበል፥ የታረዘን ማልበስ፥ የታመመን መጠየቅ፥ የታሠረን መጐብኘት ናቸው። ሕዝባችንም ይህን ትእዛዝ ከጥንት ጀምሮ ሲፈጽም ኖሯል። የታሠረ ዘመድ ያለው ሰው ስንቅ ይዞ ሲመላለስ፥ ዘመድ የሌለውም እንኳ በዓመት በዓል ቀን ለእሥረኞች እንጀራና ዳቦ ሲልክ ማየት በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ እናቅርብ። እሥረኛው ዘመኑን ፈጽሞ ወይም ይቅርታ አግኝቶ በተፈታ ማግስት ከስድስቱ ወገን በየትኛው ይቈጠራል? እሥረኛ እንዳይባል ተፈትቷል፤ የስንቁም አገልግል በዚያው ቀን ይቆማል። ቤቱ ፈርሶ፥ ልጆቹ ተበትነው፥ ጎረቤቱ ተለውጦ ሲያገኘው ግን በገዛ አገሩ እንግዳ ሆኗል። እንግዲህ ከስድስተኛው ወደ ሦስተኛው ተሻገረ እንጂ ከጌታችን ቃል ውጭ አልሆነም። በእሥር ቤት ሳለ የጠየቅነውን ሰው ሲወጣ ካልተቀበልነው ከትእዛዙ ግማሹን ፈጽመን ግማሹን እንደ ተውን ይቈጠራል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚሁ ነው።

፩. ስሞቹ ስለሚያስተምሩን

አባቶቻችን እሥር ቤትን ወኅኒ ቤት ይሉታል። ስሙ የመጣው በበጌምድር ካለው ከወኅኒ አምባ ነው፤ በዚያ አምባ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የንጉሥ ዘር የሆኑ መሳፍንት ዙፋን እንዳይሻሙ ይጠበቁበት ነበር። በኋላም ከጣልያንኛ የተወረሰው ከርቸሌ የሚለው ስም ተጨመረ። በአዲስ አበባ የነበረው ትልቁ ወኅኒ ቤት ደግሞ ሕዝቡ ያወጣለት ስም ዓለም በቃኝ ነበር። ያ እሥር ቤት ፈርሶ በስፍራው የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ ተሠርቶ ጥር 2004 ዓ.ም. ተመርቋል። ዛሬ በሕግ የሚጠራበት ስም ማረሚያ ቤት ነው።

ዓለም በቃኝ ማለት በገዳማችን ቋንቋ የመነኰሰ ሰው ቃል ነው፤ መነኵሴው በፈቃዱ ዓለምን ይተዋል። እሥረኛው ግን ሳይወድ ከዓለም ተለየ፤ በወጣም ጊዜ ዓለም በተራው በቃኸኝ ይለዋል። ማረሚያ የሚለውም ስም ታላቅ ትርጕም አለው። እርማት ያለው ጽሑፍ ከታረመ በኋላ ይነበባል፤ የሚያነበው ከሌለ የአራሚው ድካም በከንቱ ነው። እንግዲህ ሰው ታርሞ ሲወጣ የሚቀበለው ማኅበር ካላገኘ የመንግሥቱም ድካም፥ የሰውየውም ንስሓ ፍሬ ሳያፈራ ይቀራል።

፪. የቅዱስ ጴጥሮስ ሁለት ደጆች

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 የተጻፈው ታሪክ ይህን ነገር በሚያስደንቅ ሁኔታ ያስረዳናል። ሄሮድስ ቅዱስ ያዕቆብን በሰይፍ ካስገደለ በኋላ ቅዱስ ጴጥሮስን አሠረው፤ አራት አራት ሆነው ለሚጠብቁ ለአራት ክፍል ወታደሮችም አሳልፎ ሰጠው። ሐዋርያው በሁለት ሰንሰለት ታሥሮ በሁለት ወታደሮች መካከል ተኝቶ ሳለ መልአከ እግዚአብሔር መጥቶ አስነሣው፤ ሰንሰለቶቹም ከእጁ ወደቁ። ወገቡን እንዲታጠቅ፥ ጫማውን እንዲጫማ፥ ልብሱን እንዲደርብ አዘዘው። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ዘብ አልፈው ወደ ከተማ ከሚያወጣው የብረት ደጅ ሲደርሱ ደጁ ያለ ሰው እጅ ተከፈተ። መልአኩ አንዲት ጎዳና ያህል አብሮት ሄደና ከእርሱ ተለየ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በጥንቃቄ እንመልከት። ጴጥሮስ የማርቆስ እናት ማርያም ወደምትኖርበት፥ ብዙ ምእመናን ተሰብስበው ወደሚጸልዩበት ቤት ሄዶ ደጁን መታ። ሮዴ የምትባል ልጅ ድምፁን ዐወቀች፤ ከደስታዋ የተነሣ ግን ሳትከፍትለት ለመናገር ወደ ውስጥ ሮጠች። በውስጥ ያሉት አላመኗትም፤ አብደሻል አሏት። ስለ መፈታቱ የሚጸልዩት እነርሱ ነበሩ፤ ጸሎታቸው ተሰምቶ ደጃቸውን ሲመታ ግን እርሱ ነው ብለው መቀበል አቃታቸው። ጴጥሮስም በጨለማ በውጭ ቆሞ ማንኳኳቱን ቀጠለ።

እንግዲህ በአንዲት ሌሊት ሁለት ደጆች ነበሩ። የብረቱን ደጅ ሰው ሊከፍተው ስለማይችል እግዚአብሔር በመልአኩ ከፈተው። የቤቱን ደጅ ግን መልአኩ አልከፈተውም፤ መክፈቱ በውስጥ ላሉት ምእመናን የተተወ ሥራ ስለ ሆነ ከአንዲት ጎዳና በላይ አልተከተለውም። ቅዱስ ጴጥሮስ ያለ በደሉ የታሠረ ጻድቅ ነው፤ በበደሉ ከታሠረው ጋር በሥራ አይነጻጸርም። ነገር ግን ለጻድቁ ሐዋርያ እንኳ ደጁ ቶሎ ካልተከፈተ፥ በበደሉ ታሥሮ ለወጣው ምን ያህል እንደሚዘገይ ማሰብ አያዳግትም።

፫. ሕግ የሚያደርሰው እስከ የት ነው?

የአገራችን ሕግ ለታራሚው በር አልዘጋም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 202 እንደሚያዝዘው፥ ከተፈረደበት የእሥራት ዘመን ከሦስት እጅ ሁለቱን የፈጸመ፥ ጠባዩንም ያሳመረ ሰው በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። በይቅርታ የሚፈቱም ብዙዎች ናቸው፤ ለምሳሌ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ከ4,000 የሚበልጡ እሥረኞች በይቅርታ ወጥተዋል።

ከዚህም የሚበልጥ ሥርዐት በዚያው ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ይገኛል፤ ስሙም መሰየም ይባላል። ቅጣቱን የፈጸመ ሰው ሕግ የወሰነው ጊዜ ካለፈ፥ በመልካም ጠባይ ከኖረ፥ የተፈረደበትንም ካሣ እንደ ችሎታው ከከፈለ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ሊሰየም ይችላል። በተሰየመም ጊዜ ጥፋቱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ የተገፈፈው መብት ይመለስለታል፤ ወደ ፊትም የቀድሞውን ፍርድ በክፋት እያነሣ የሚሰድበው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል። ካህናት ሆይ፥ ይህን ቃል ልብ በሉት፤ ሰው በጥምቀት ቀን ክርስትና ስም የሚያገኝባት ቤተ ክርስቲያን፥ ሕግ እንኳ ዳግመኛ የሰየመውን ሰው በአሮጌ ስሙ ልትጠራው አይገባም።

አመክሮ የሚለውም ቃል ለገዳማውያን የታወቀ ነው። ሊመነኵስ የመጣ ሰው ወዲያው አይመነኵስም፤ በአመክሮ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ግን ብቻውን አይተውም፤ የሚመክረው አረጋዊ አባት፥ የሚሠራው ሥራ፥ የሚተኛበት ቤት ይሰጠዋል። በአመክሮ ከእሥር የወጣው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አያገኝም። ሕግ እንደ መልአኩ አንዲት ጎዳና ድረስ ሸኝቶ ይለየዋል፤ የቀረው መንገድ የእኛ ነው።

፬. በደጅ የሚያስቆሙት ነገሮች

ከእሥር የወጣ ሰው ወደ ማኅበር እንዳይገባ የሚያግዱት ነገሮች አንዱ ከሌላው ጋር እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። የመኖሪያ መታወቂያ ለማግኘት አድራሻ ያስፈልጋል፤ አድራሻ እንዲኖረው ቤት መከራየት አለበት፤ ለመከራየት ገንዘብ፥ ለገንዘብም ሥራ ያስፈልጋል፤ ሥራ የሚሰጠው ሰው ደግሞ መታወቂያና ዋስ ይጠይቃል። ስለዚህ ከየትኛውም ወገን ቢጀምር ወደ ጀመረበት ይመለሳል። የዕለት ጕርሱን ያላገኘ ሰው በዚህ ዙሪያ ሲንከራተት የሚያድርበት በረንዳ ነው፤ በረንዳም ላይ የሚያገኙት የቀድሞ ባልንጀሮቹ ናቸው።

ነፍስ አጥፍቶ የታሠረ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። በአማራው አገርና በሌላውም የአገራችን ክፍል የሟች ወገን ደሙን ካልታረቀ በቀር ገዳዩ ፍርዱን ቢፈጽምም ወደ ትውልድ መንደሩ መመለስ አይችልም። የመንግሥት ፍርድ ቤት ጉዳዩን ዘግቶታል፤ የመንደሩ ደም ግን ገና አልደረቀም። እንዲህ ያለው ሰው የትውልድ ቀዬው ስለ ተዘጋበት ወደማያውቀው ከተማ ይሰደዳል፤ ከዚያም ወዳጅ ዘመድ የሌለው መጻተኛ ይሆናል።

በመዲናችን ሰሜናዊ ምሥራቅ ያለውን የየካን ክፍለ ከተማና የእንጦጦን ተራሮች እንመልከት። ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፥ ከሾላ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በድልድይ ሥርና በሱቅ በረንዳ የሚያድሩ ወገኖች አሉ። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ከተራራው የሚወርደው ቍር በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አጥንት ይሰብራል። ከዚሁ ተራራ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጭነዋል፤ ከተራራው ሥር ደግሞ ዛሬ ራሱን የሚያስጠጋበት ጣራ የሌለው ሰው ያድራል።

ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ ስፍር ቍጥር የሌለው ሕዝብ በእልልታ ያጅበዋል። ታቦቱ ወደ መንበሩ ሳይገባ ከመንገድ የሚመለስ የለም፤ ሁሉም እስከ ደጁ ይሸኛል። ይህ መልካም ነው። በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረውን ሰውስ ወደ ቤቱ እስኪገባ ድረስ ልንሸኘው አይገባንምን?

፭. ጎዳና አዳሪ ሁሉ በደለኛ አይደለም

በዚህ ስፍራ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር እንጠንቀቅ። በጎዳና የሚያድር ሁሉ ወንጀል የሠራ አይደለም። በሽታ፥ የአእምሮ ሕመም፥ እርጅና፥ የወላጅ ሞት፥ ጦርነትና ስደት የጣላቸው ብዙዎች ናቸው። ቅዱስ ገብረ ክርስቶስ መርዓዊ፥ ጥቅምት 14 ቀን የምናስበው፥ የባለጠጋ ልጅ ሲሆን በአባቱ ደጅ እንደ ነዳይ ወድቆ ኖረ፤ የቤቱ አገልጋዮች ሲንቁትና እጣቢ ሲደፉበት ቅድስናውን አላወቁም። በደጃችን የወደቀው ማን እንደ ሆነ ስለማናውቅ በግምት ልንፈርድበት አንችልም።

በዚሁ በከተማው ምሥራቃዊ ክፍል ከኮተቤ አልፎ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ለዚህ ምስክር ነው። አቶ ቢንያም በለጠ በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራውን ሲጀምሩ ከጎዳና ያነሷቸውን ጥቂት ሰዎች ያስጠጉት በቤተሰባቸው ግቢ ነበር፤ ዛሬ ማዕከሉ ብዙ ሺህ ወገኖችን ይጦራል። ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚለው የማዕከሉ መመሪያ በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ ሆኗል። ሥራው የተጀመረው በአንድ ቤት ደጅ መከፈት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ከእንጦጦም ሌላ ትምህርት እናገኛለን። በኤች አይ ቪ የተያዙ ብዙ ሰዎች ከየአገሩ ተሰደው ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል በመጡ ጊዜ፥ አንዳንዶቹ ጸበል የተጠመቀ መድኃኒት አይውሰድ እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ግን ጸበሉና መድኃኒቱ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል አስተማሩ። ከእሥርና ከጎዳና ለሚመለሰውም እንዲሁ ነው። ስብከት ብቻ ሰጥተነው ያለ ማደሪያ ብናሰናብተው፥ ወይም ማደሪያ ሰጥተን የነፍሱን ቍስል ሳንጠይቅ ብንቀር አንዱን እግሩን ፈትተን ሌላውን እንደ ታሠረ መተው ይሆናል።

፮. ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ የንስሓ አባት ሥራ ከብረቱ ደጅ በፊት ይጀምር። በማረሚያ ቤት የሚያገለግሉ ካህናት የሚፈታውን ሰው ስምና የሚሄድበትን ስፍራ ዐውቀው፥ ፈቃዱን ጠይቀው፥ ለአጥቢያው ካህን ቢያስታውቁ የወጣው ሰው ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ የሚጠብቀው አባት ይኖረዋል። የብዙ ሰው ውድቀት የሚጀምረው ከዚያች ከመጀመሪያዋ ሌሊት ነውና ስለ እርስዋ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛ፥ ዋስ እንሁን። ሳውል አሳዳጅነቱን ትቶ ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ፈሩት። በርናባስ ግን እጁን ይዞ ወደ ሐዋርያት ወሰደው፤ የሆነለትንም ነገር ተረከላቸው (የሐዋ. ሥራ 9፥26-27)። በርናባስ ዋስ ባይሆን ኖሮ ቤተ ክርስቲያን መምህረ አሕዛብን በደጅ ታቆመው ነበር። ያው ጳውሎስም በተራው፥ ከጌታው ኰብልሎ ለነበረው ለአናሲሞስ ዋስ ሆነ፤ ዕዳ ቢኖርበት እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ለፊልሞና ጻፈ። ዋስ ያገኘ ሰው ዋስ ሆነ፤ የክርስትና ሥርዐት ይህ ነው። እንግዲህ በየሰበካው ሥራ ያላቸው፥ ስማቸው የተመሰገነ ሁለት ወይም ሦስት ምእመናን ለአንድ ተመላሽ ወገን በኅብረት ዋስ ቢሆኑ ያ የተያያዘው ሰንሰለት በአንድ ስፍራ ይበጠሳል።

ሦስተኛ፥ ሰንበቴው፥ ማኅበሩና ዕድሩ ይክፈቱለት። ዕድርተኛ ያልሆነ ሰው ሲሞት የሚቀብረው፥ ሲያዝንም የሚያስተዛዝነው የለውም። የዕድሩን መግቢያ በአንድ ጊዜ ለመክፈል ዐቅም የሌለውን በየወሩ ጥቂት በጥቂት እየከፈለ እንዲገባ መፍቀድ ለአባላቱ ታላቅ ኪሣራ አይደለም፤ ለእርሱ ግን ሰው ሆኖ መቈጠር ነው።

አራተኛ፥ ሥራ እንስጠው። በእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ ጕልበታቸው ያለቀ ሴቶች መካከል አያሌዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ሸማ ወደ መሥራት ሥራ ተሸጋግረዋል። ሸክሙን ጣሉ ብሎ መምከር ብቻ አልበቃም፤ በምትኩ መተዳደሪያ የሚሆን ሥራ ማግኘት አስፈልጓል። ሌባውም እንዲሁ አትስረቅ ከሚለው ትእዛዝ ጋር የሚሠራበት መሣሪያ ያስፈልገዋል። ቅዱስ ጳውሎስ የሰረቀው ሰው በእጁ እንዲሠራ ያዘዘው ለድኻ የሚያካፍለው እንዲኖረው ነው (ኤፌ. 4፥28)፤ ተቀባይ የነበረው ሰጪ እስኪሆን ድረስ ማለት ነው።

አምስተኛ፥ ዕርቅን እንፈጽም። የሟች ወገን ሐዘን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ የተበደለውን ሳያስቡ ለበዳዩ ብቻ መራራት ፍትሕን ያጎድላል። በወሎ አበጋር የሚባሉት የዕርቅ አባቶች፥ በሌላውም አገር ሽማግሎችና ካህናት መስቀል ይዘው፥ ካሣ አስከፍለው፥ የሁለቱን ወገን እጅ አያይዘው ደም ያደርቃሉ። ፍርዱን ፈጽሞ የወጣ ሰው በከተማ ሲገኝ የአጥቢያው ካህን ከትውልድ አገሩ ካህን ጋር ተላልኮ ይህን ቢያስጀምር ሁለት ቤት ያድናል።

፯. ፍርሃት ላለው ሰው የሚሰጥ መልስ

ተመልሶ ቢሰርቅስ? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው የተገባ ነው፤ የሚወድቁም ይኖራሉ። ትዕግሥት ማለት ግን ጥንቃቄን መተው አይደለም። በገንዘብ የተሰናከለውን ወዲያው ገንዘብ ያዥ ማድረግ፥ በመጠጥ የወደቀውን ከመጠጥ ቤት ማስጠጋት፥ ሕፃናትን የበደለውን በሕፃናት ላይ መሾም ማኅበሩን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም መፈተን ነው። የሚገባው ነገር እንደ አመክሮው ሥርዐት በጥቂቱ መጀመር፥ በታመነም መጠን መጨመር ነው።

ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ቅዱስ ሙሴ ጸሊም ሽፍታና ወንበዴ ነበር። ወደ አስቄጥስ ገዳም በሄደ ጊዜ አባ ኤስድሮስ ሲያየው ፈራ፤ ቢፈራም አላባረረውም፤ ጥያቄውን ሰምቶ አስተማረው። ከዚያ ከተፈራው ሰው የብዙ መነኰሳት አባት የሆነ ቄስ ተገኘ። መፍራት ኀጢአት አይደለም፤ ፍርሃታችን ደጁን እንዲዘጋው መፍቀድ ግን ነው።

በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ስለ በላዔ ሰብ የተጻፈውን ተአምር እንሰማለን። 78 ነፍስ የበላው ያ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምክንያት ምሕረትን አገኘ። ይህን ሰምተን ደስ የሚለን ሁላችን፥ ከቅዳሴ ስንወጣ በመንገዱ ዳር የተቀመጠውን ሰው፥ ምናልባት ከበላዔ ሰብ በደል መቶ እጅ ያነሰ በደል ያለበትን፥ እናገኘዋለን። የእርሱን ነገር ከሚዛን ላይ የሚያኖር እግዚአብሔር ነው፤ የእኛ ድርሻ ጥርኙን ውኃ መስጠት ነው።

የተወደዳችሁ ወገኖች ሆይ፤ በዚያች ሌሊት በማርያም ቤት የነበሩት ምእመናን ዘግይተውም ቢሆን ከፈቱ፤ በከፈቱም ጊዜ የጸለዩለትን ሰው አዩት፤ ተደነቁም። ስለ እሥረኞች በየቅዳሴያችን እንጸልያለን፤ ብዙዎቹም ተፈትተው ከደጃችን ደርሰዋል። ዛሬውኑ ከእናንተ አንዱ ካህን አንድ ስም ጠይቆ ይወቅ፤ አንዱ ምእመን ለአንድ ሰው ዋስ ይሁን፤ አንዱ ዕድር መዝገቡን ይክፈት። ለንስሓችን ደጁን ያልዘጋብን አምላክ እኛም በወንድማችን ላይ እንዳንዘጋ ልቡናችንን ይክፈትልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።